የሣር ኳስ ሜዳን ከክረምት በኋላ ለአዲሱ የውድድር ዘመን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

የጎጃም ክረምት ሣሩን እስከ ጉልበት ያሳድገዋል፤ መሬቱን ግን አጥግቦት ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም ብዙው ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ሆኖ ይሰነጠቃል። በጭቃውና በስንጥቁ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ሜዳውን የሚያበጀው ገንዘብ ሳይሆን ይህችን ጊዜ አለማሳለፍ ነው።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲቀንስ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ። ጣት ላይ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ቆዩ። ቅርጹን ይዞ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ሥራው ይጀመር።

እስከዚያው ከብት አይግባ። በእርጥብ ዋልካ ላይ የታተመ ኮቴ ሲደርቅ የተጫዋች ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም ጉድጓድ ይሆናል። ከጎረቤት ጋር መጣላት ግን አያስፈልግም፤ የሚታጨደው ሣር ለእነሱ እንደሚሰጥ ቀድማችሁ ተስማሙ። ያን ጊዜ ሜዳውን ራሳቸው ይጠብቁታል።

ቀጥሎ ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ለዩ። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫ ርጥበት ወዳድ ነው፤ በሜዳው ላይ በብዛት የበቀለበት ቦታ ውሃ የሚቋጥር መሆኑን ጠርጥሩ። ከመስመሩ ውጭ ቢያንስ 3 ሜትር ርቃችሁ፣ 30 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ወደ ቁልቁለቱ ቅደዱ። ቦዩ ተጫዋች ሊሮጥበት ከሚችል ቦታ መራቅ አለበት።

ረጅሙን ሣር በአንድ ቀን አትላጩት። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ የተቆረጠ ሣር ይደነግጣል፣ ሥሩም ይዳከማል። በማጭድ ጀምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ ዝቅ እያደረጋችሁ 4 ሳንቲሜትር ገደማ አድርሱት። የታጨደውን በሬክ አንሱ፤ ተከምሮ ከቆየ የሥሩን ሣር ያበሰብሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የጎሉ አፍና የመሃል ሜዳው ነው። እዚያ አፈሩ ተረግጦ ታምቋልና አየርም ውሃም አይገባውም። ጫፉ በሾለ ወፍራም ፌሮ በየ15 ሳንቲሜትሩ 10 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ቀዳዳ ብሱ፤ የወንዝ አሸዋና የተነፋ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳው ግፉት። አሸዋውን ከዋልካ ጋር ቆፍሮ ማደባለቅ ግን አይበጅም፤ ትንሽ አሸዋ ያለበት ዋልካ ሲደርቅ ይብሱን ይጠነክራል።

ለተመለጠው ቦታ ከሰርዶ የተሻለ አላውቅም። መንገድ ዳር በነጻ ይገኛል፣ መረገጥንም ይችላል። ተሳቢውን ግንድ ሦስት ያህል አንጓ እየተዋችሁ ቁረጡ፤ በ15 ሳንቲሜትር ርቀት ጠባብ ፈር አውጡና ጫፉ ከአፈር ወጣ እንዲል አድርጋችሁ ቅበሩት፤ በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ሰርዶ ብርድ አይወድም፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እድገቱን ይገታዋል። ስለዚህ ተከላው ከጥቅምት አጋማሽ አይለፍ። የሚቀጥለውን ዓመት ከአሁኑ ለሚያስብ ደግሞ ሰኔ ይበልጣል። አዲሱ ሣር ሥር እስኪይዝ ልምምዱ ወደ ሜዳው ዳር ይዛወር።

ዩሪያ ካገኛችሁ ለ100 ካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ አይብለጥ፤ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ በትኑና ወዲያው ውሃ አጠጡ። በበጋ ደግሞ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል።

መስመሩን ለማስመር ገመድና ሜትር ይበቃል። ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ከአንዱ ማዕዘን በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 125 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ሊሆን ይገባል። ለመስመሩ ጄሶ ወይም በውሃ የቀጠነ የግድግዳ ቀለም ተጠቀሙ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ልጆች በሚወድቁበት ሜዳ ላይ አታፍስሱት።

በመጨረሻ የጎሉን ቋሚዎች በሁለት እጅ ነቅንቁ፤ በክረምት የራሰ መሬት መሠረታቸውን ያላላል። አግዳሚው በልጅ ላይ ቢወድቅ ይገድላል። ትንሽም ቢወዛወዝ ዙሪያው ተቆፍሮ በኮንክሪት ይሞላ፤ ኮንክሪቱ በደንብ እስኪጠነክር ድረስም በዚያ ጎል ማንም አይጫወት።