የጥራጥሬ ምርት የረጅም ጊዜ አዝማሚያና መዋዠቅ አመዛዘን፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ

የደቡብ ወሎን የጥራጥሬ ምርት ለማጥናት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ኩንታሉን በየዓመቱ ደርድሮ «ምርቱ አድጓል» ይላል፤ ኩንታሉ የጨመረው ግን የተዘራው መሬት ስለ ሰፋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው የእያንዳንዱን ዓመት ምርት ለሄክታሩ አካፍለው ምርታማነቱን ለብቻው ይጻፉ።

መረጃው ቢቻል የ30 ዓመት ይሁን። ባቄላን፣ አተርን፣ ምስርን፣ ሽምብራንና ጓያን አይደባልቁ፤ መኸሩንም ከበልጉ ይለዩ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት «ወሎ» ተብሎ የተመዘገበው ክፍለ ሀገር ከዛሬው ደቡብ ወሎ እጅግ የሰፋ ስለ ነበር ሁለቱን በአንድ መስመር መቀጠል ስሕተት ነው።

አዝማሚያውን ለማየት የ5 ዓመት ተንሸራታች አማካይ (አንድ አንድ ዓመት እየተገፉ የሚወሰድ የአምስት ተከታታይ ዓመታት አማካይ) ይበቃል። መዋዠቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለማሳያ ያህል በአምስት ዓመት ውስጥ በሄክታር 16፣ 14፣ 6፣ 15 እና 19 ኩንታል የተገኘበትን ማሳ እንውሰድ፤ አማካዩ 14፣ መደበኛ ልዩነቱ፣ ማለትም የየዓመቱ ምርት ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ 4.8 ገደማ ነው፤ ይህን ለአማካዩ አካፍለን በ100 ስናባዛው መዋዠቁ 35 በመቶ ያህል ይሆናል፣ ይህም ከፍተኛ ነው። ምርታማነቱ ለብዙ ዓመታት እያደገ የመጣ ከሆነ አስቀድመው ዕድገቱን ከስሌቱ ያውጡ፣ ማለትም የየዓመቱ ምርት ከአዝማሚያው ምን ያህል እንደ ራቀ ብቻ ይለኩ፤ አለዚያ ዕድገቱ ራሱ መዋዠቅ ሆኖ ይቆጠራል። ወሎ 1966ንና 1977ን ያየ አገር ነውና የአማካዩ ማማር አያዘናጋን፤ ጎተራውን የሚያራቁተው ያ 6 ኩንታል የተገኘበት ዓመት ነው።

የዚያን ዓመት ምክንያት ሲፈልጉ ከዝናቡ ይጀምሩ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በከፍታ 600 ሜትር ገደማ ስለሚለያዩ የአንዱን የዝናብ መዝገብ ለሌላው አይጠቀሙ። የዓመቱ ድምርም ብቻውን አያስረዳም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጥቁር አፈር ላይ የሚዘሩት ሽምብራና ጓያ የሚያድጉት አፈሩ በያዘው እርጥበት ስለሆነ ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ ይጎዳሉ፤ ባቄላን ደግሞ ሐምሌ ላይ የሚተኛበት ውሃ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ዝናቡ ደህና ሆኖ ባቄላው ከወደቀ ገበሬውን ይጠይቁ። ቅጠሉ እብጠት አውጥቶ ከተጠቀለለ በኋላ ቡናማ ሆኖ ደረቀ ካለዎት፣ ቆርምድ የሚሉትን በሽታ ይጠርጥሩ፤ ዝናብን ብቻ የሚያይ ስሌት ይህን ጉዳት በድርቅ ያመካኛል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን የደረሰው የመኸሩ አጨዳ በተቃረበበት ወቅት ስለ ነበር፣ መዋዠቁን ያንን ዓመት ጨምረውም አውጥተውም ያስሉና ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ያስፍሩ።