«ገርጥቷል» የምንለው መቼ ነው?

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ወላጅ «ፊቱ ገርጥቷል» ሲል ደሙ ያነሰ መስሎ መታየቱን መግለጹ ስለሆነ፣ ቃሉን በተፈጥሮው ቀይ ለሆነ ጤነኛ ሰው መጠቀም አይገባም። የጠይም ልጅ ፊት ብቻውን ስለሚያሳስት፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጎ ውስጡን ማየት፣ መዳፉንም ከራስ መዳፍ ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ እነዚህ ከነጡ «የገረጣ» ማለት ትክክል ነው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን የወፍ በሽታ ምልክት ነውና «ገረጣ» ማለት ባለሙያውን ያሳስታል። በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች የሚገኘው ወባም ሆነ ደም መጣጭ የአንጀት ትል ደም ስለሚያሳንስ፣ መገርጣቱ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ አብሮ መንገር እጅግ ይጠቅማል። የገረጣው ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደከመ በዚያው ቀን መታየት አለበት።