ሰርቨሩ ቀጥ ሲልባቹ፦ የዲስክ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

አንድ ሰርቨር ሸንሽናቹ ሶስት አራት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሰራ ኮምፒውተር) የምታሰሩ ሰዎች፣ ደብረ ብርሃንም ሁኑ ሸዋ ሮቢት፣ ዲስክ ስትገዙ "ስንት ቴራ ይይዛል" ከማለታቹ በፊት "አንዱ እሁድ ቀን ቢሞትስ" ብላቹ ጠይቁ። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይሄ ባለመጠየቁ የሚመጡ ናቸው።

ማሽኖቹ ባንዴ ቆመው ሰርቨሩ ግን በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ቦታ እዩ። ቲን ፕሮቪዥኒንግ (ለማሽኖቹ ካለው ቦታ በላይ ቃል መግባት) ተጠቅማቹ ባለ 2 ቴራ ፑል (የጋራ የዲስክ ቦታ) ላይ 3 ቴራ አከፋፍላቹ ከሆነ ፑሉ የሞላ ቀን የሁሉም ስራ ይቆማል። በድንጋጤ ፋይል መሰረዝ አትጀምሩ፣ ማሽኑ ውስጥ ያጠፋቹት ፋይል ትሪም (ነጻ የሆነውን ቦታ የሚያሳውቀው ትእዛዝ) ካልበራ ለፑሉ አይመለስም፣ ይልቅ የቆየ ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ወቅት ሁኔታ የያዘ ቅጂ) አጥፉ ወይ ፑሉን አስፉት። ለማስፋት ደግሞ የተረፈ ቦታ ያስፈልጋል፣ ለዚ ነው መጀመሪያ ቀን ሁሉንም አትጨርሱ፣ ከአምስት አንዱን እጅ ሳትመድቡ ተዉት የምለው። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ስርአት) ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ ማስፋት እንጂ ማጥበብ የለም። ሎግ (የሰርቪሶች የስራ መዝገብ) የሚጻፍበትም ከሲስተሙ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይለይ፣ አንድ የተበላሸ ሰርቪስ ሌሊቱን ሲጽፍ ቢያድር የራሱን ይሞላል እንጂ ሲስተሙን ይዞ አይወድቅም። ቦታ እያለ "ሞልቷል" ካላቹ ብዙ ጊዜ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያዝ መዝገብ) አልቆ ነው፣ ትንንሽ ፋይል በገፍ የሚፈጥረውን ፈልጉ።

4 ቴራ ገዝታቹ 2 ብቻ ካሳየ የዲስኩ ክፍፍል የተመዘገበው በድሮው ዘዴ በኤምቢአር ነው፣ ዳታ ካለው ገልብጣቹ ወደ አዲሱ ዘዴ ወደ ጂፒቲ ቀይሩት። 3.6 ካሳየ ምንም አልሆነም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

አሁን ዋናው። ሬይዱ (ብዙ ዲስክ አጣምሮ አንዱ ቢሞት ዳታውን የሚያድነው) "ዲግሬድድ" (ዲስክ ጎድሏል) አለ፣ አዲስ ዲስክ ተሰካ፣ ሪቢልድ (የጎደለውን ዳታ አዲሱ ላይ መልሶ መጻፍ) ግማሽ ላይ እያለ ሁለተኛው ዲስክ ወደቀ፣ ዳታው አለቀ። ምክንያቱ ሬይድ 5 የሚችለው አንድ ሞት ብቻ ነው፣ ሪቢልድ ሲጀምር ደግሞ የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፣ አብረው የተገዙ እኩል ያረጁ ከሆኑ የደከመው እዛ ላይ ይወጣል። ስለዚ አዲሱን ከመሰካታቹ በፊት ባክአፕ ውሰዱ። የሞተውን ደግሞ በሴሪያል ቁጥሩ ለዩት እንጂ በግምት አትንቀሉ፣ ደህነኛውን መንቀል ከሞተው ዲስክ የባሰ ነው፣ ቁጥሩን ከዛሬ ጀምሮ በየዲስኩ መሳቢያ ፊት በማርከር ጻፉበት። አራት ባለ 4 ቴራ ካላቹ በሬይድ 5 የሚገኘው 12 ቴራ ነው፣ በሬይድ 6 (ሁለት ሞት የሚችለው) እና በ10 (ጥንድ ጥንድ ዲስክ ላይ አንድ አይነት የሚጽፈው) ግን 8 ብቻ፣ እኔ ለፋይል 6ን ለዳታቤዝ 10ን ነው የምመርጠው፣ የጠፋው 4 ቴራ አይቆጨኝም። መለዋወጫ ዲስክም ቢሮ ይቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ እስኪደርስ ሬይድ 5 ያለ መከላከያ ነው የሚሰራው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፋይል ሲስተሙ ከተበላሸ ወይም መጻፉ ድንገት ከተንቀራፈፈ የሬይድ ኮንትሮለሩን (ዲስኮቹን የሚያዘው ካርድ) ባትሪ እዩ። ባትሪው ሲሞት ካሹ (ዳታ ዲስክ ላይ እስኪጻፍ የሚቆይበት ሜሞሪ) ወይ ይዘጋል ወይ ያልተጻፈ ዳታ ይዞ ይጠፋል። ዩፒኤሱም መጮህ ብቻ ሳይሆን በኬብል ተገናኝቶ ሰርቨሩን በስርአት ማጥፋት አለበት።

የደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር፦ የብዙ ሃርድ ዲስኮች የስራ ከፍታ ወሰን 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የማንበቢያው ራስ በአየር ተንሳፎ ስለሚሄድ አየሩ ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ከወሰኑ በታች ናት፣ መንዝ ላይ ግን የሚያልፍ ቦታ ብዙ ነው፣ እዛ ኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ዲስክ) ግዙ።

በመጨረሻ፣ "ባክአፑ ዲ ላይ አለ" የምትሉ፣ ዲ እና ሲ የአንድ ዲስክ ሁለት ፓርቲሽን ከሆኑ አብረው ነው የሚሞቱት። ሬይድም በስህተት የተሰረዘን ፋይል አይመልስም፣ መሰረዙን ራሱ ነው በሁሉም ላይ የሚጽፈው። ኤክስተርናል ላይ ገልብጣቹ ሌላ ህንጻ አስቀምጡ፣ በየወሩም አንድ ማሽን ከዛ መልሳቹ አስነሱና መግባት መቻላቹን እዩ።