የአምፕሊፋየሬን ጉምጉምታ እንዴት እንዳጠፋሁት

ለዓመታት ያገለገለኝ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ሙዚቃ ባይከፈትበትም እንኳ ወፍራም ጉምጉምታ ማሰማት ጀመረ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ብቀንሰውም ለውጥ ስላልነበረ፣ ጥፋቱ ከመግቢያው ሳይሆን ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለመሣሪያው ኃይል ከሚያቀርበው ክፍል፣ እንደሚሆን ጠረጠርሁ። የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት አራት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) ሁለቱንም የሞገድ ግማሾች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሷቸው የሚወጣው ንዝረት 100 ኸርዝ ይሆናል፤ ይህን ንዝረት ማለስለስ ደግሞ የካፓሲተሩ (ቻርጅ አጠራቅሞ የሚለቀው ክፍል) ሥራ ነው።

መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በሚለካበት በኩል፣ ብቻ ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮ ችግሩን ባላገኘሁት ነበር፤ የሚመላለሰውን ወደሚለካበት ወደ ኤሲ ሳዞረው ግን ከ2 ቮልት በላይ ንዝረት አሳየኝ። መሰኪያውን ነቅዬ፣ በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ቻርጅ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ክፍል) ካፈሰስሁ በኋላ ፈትቼ ብለካው፣ 2200 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር የመያዝ አቅም መለኪያ) ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር 300 ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ደርቆ ነበር። የተበላሸ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ አናቱ ያብጣል፤ የዚህኛው አለማበጡ ግን መጀመሪያ ላይ አታሎኛል።

መጠኑ ያው የሆነ፣ ነገር ግን በ25 ቮልት ፈንታ 35 ቮልት የሚችል ካፓሲተር፣ ኔጋቲቭ እግሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ በየድሁት። ንዝረቱ ወደ 0.3 ቮልት ወረደ፤ ጉምጉምታውም ጠፋ።