ሳንባ ሲታመም ካርታ አይታጠፍም፦ በቲቢ ሕክምና ላይ ሆኖ ኦሪየንቲሪንግን መለማመድ

ግንቦት ውስጥ የቲቢ ሕክምና ስጀምር ክብደቴ 47 ኪሎ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሳሉን የደሴ ብርድ ነው፣ ድካሙን የልምምድ ነው እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። እንዲያውም ልምምድ ያነሰኝ መስሎኝ ሩጫ ጨመርኩ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይህ ነው፤ ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ሩጫውን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ኦሪየንቲሪንግን ያወቅሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ስዊድን በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ነው። ላልሰማችሁት፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ በካርታው ላይ በክብ የተመለከቱ ነጥቦችን በቅደም ተከተል እያገኙ የሚሮጡበት ስፖርት ነው። በየነጥቡ ነጭና ብርቱካናማ ምልክት ይሰቀላል፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚኬድ የሚመርጠው ግን ሯጩ ራሱ ነው። አገር ቤት ስመለስ ከተማሪዎቼ ጋር ምልክቶቹን ከጨርቅ ሰፍተን በጦሳ ተራራ ግርጌ መለማመድ ጀመርን። ስታመም ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት አልሮጥኩም፤ እናንተም አትሩጡ። ሳንባው ቆስሏል፣ ሰውነትም ጡንቻውን በልቶ ጨርሷል። ከእያንዳንዱ ገንፎና እንቁላል የሚገኘውን ጉልበት ሰውነት ለጥገና ይፈልገዋል፤ ብትሮጡ ያንኑ ትቀሙታላችሁ። ደግነቱ በዚህ ስፖርት ሰው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ስለዘገየ ሳይሆን ካርታውን በትክክል ስላላነበበ ነው። ካርታ ማንበብ ደግሞ አልጋ ላይ ይሠለጠናል።

ድንች ያዙ። ለሁለት ከፍላችሁ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ከሥሩ አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ቆርጣችሁ አውጡ፤ የቀረውን ድንች በመጀመሪያው መስመር ውስጥ በቦታው መልሳችሁ እንደገና ዙሪያውን አስምሩ። እስከ ጫፉ እንዲህ ቀጥሉ። ወረቀቱ ላይ የቀሩት ቀለበቶች ኮንቱር ናቸው፤ በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች ማለት ነው። ድንቹ ቀጥ ያለበት ጎን ላይ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ለዘብ ያለበት ጎን ላይ ይራራቃሉ። ሁለት እብጠት ያለው ድንች ካገኛችሁ እጅግ ጥሩ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዝቅታ፣ በካርታ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት፣ እጃችሁ ላይ ይታያችኋል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በቀን አንድ ድንች ሠራሁ። ቁርጥራጩን እናቴ ለወጥ ትወስደው ነበር። በሰባተኛው ቀን ቀለበቶቹን ብቻ ይዤ ድንቹ ምን እንደሚመስል በጣቴ አየር ላይ መሳል ቻልኩ። ካርታ ይዞ የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ ደቂቃ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ መስኮቱ። አልጋዬን ወደ ጦሳ ፊት ለፊት አዞርኩት። ክረምት ሲገባ የደሴ ጉም ተራራውን ለሰዓታት ይውጠዋል፤ አንዳንዴ ለአፍታ ይገለጥና መልሶ ይዘጋል። ያንን አፍታ ልምምድ አደረግሁት። ጉሙ ሲከፈት እርሳሱን አስቀምጬ ዝም ብዬ አያለሁ፤ ሲዘጋ ያየሁትን ሸንተረር፣ ፈፋ፣ ገደልና የባሕር ዛፍ ጠርዝ እሥላለሁ። ስንት ጊዜ እንደማይ የሚወስነው ጉሙ ስለሆነ ማታለል አይቻልም። ጉም በሌለበት አገር ያላችሁ ካርታውን አሥር ሰከንድ አይታችሁ ሸፍኑና ከትዝታ ሣሉት። ሁሉንም ለማስታወስ አትሞክሩ፤ ሦስት ትልልቅ ነገር ያዙ፣ ሌላው እነሱን ተከትሎ ይመጣል።

ሦስተኛው ልምምድ በጽሑፍ ነው፤ በቃል እንዳይሆን ሳሉ አላስወራ ይለኛል። በአሮጌ ካርታ ላይ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ለመሄድ ሦስት ጥያቄ እመልሳለሁ። ለመልሶቹ ከተማሪ ልጆቼ ጋር ስም አውጥተንላቸዋል። «ሐዲድ» የምንለው አብረነው የምንሄደው ረጅም ነገር ነው፤ ወንዝ፣ አጥር፣ የእርከን ጠርዝ። «በር» ከነጥቡ አጠገብ ያለ በቀላሉ የሚታወቅ ቦታ ነው፤ ከዚያ ላይ ፍጥነት ተቀንሶ በጥንቃቄ ወደ ነጥቡ ይገባል። «ማቆሚያ» ደግሞ ነጥቡን ካለፍነው የሚገጥመንና «ተመለሱ» የሚለን ነገር ነው። ሦስቱን በአንድ መስመር መጻፍ ካልቻልኩ ያንን መንገድ እጥለዋለሁ። ታማሚ አእምሮ ቶሎ ይዝላል፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቀመጡበት።

ሰዓቱን ጠዋት አድርጉት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስለሚወሰድ ቁርስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለካርታ ይመቻል። ደግሞም በወሎ የታመመ ሰው ቤት ከረፋዱ በኋላ የእሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ አንዷ ጠበል ታመጣለች፣ አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» ይባላል። ይህን ፍቅር አትግፉት፤ እኔን ያነሳኝ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ እሱ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ተቀበሉ፤ መቼ እንደምትተዉት ጤና ባለሙያው ይነግራችኋል። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በሲኒ፣ በሳህን ወይም በካርታ አይተላለፍም። ከተማሪዎቼ አንዱ ካርታዬን በሁለት ጣቱ ጫፍ ሲያነሳው አይቼ ይህንን ለሁሉም አስረዳሁ። በሚቀጥለው ቀን ካርታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አነበበው።

ስለ ዓይን በተለይ ልንገራችሁ። ከአራቱ መድኃኒቶች ኢታምቡቶል የሚባለው አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ምልክቱ ብዥታ ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት መቸገር ነው። የእኛ ካርታ ደግሞ የሚነበበው በቀለም ነው። ቡናማው የመሬት ቅርጽ፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ጥቁሩ ድንጋይና ሰው የሠራው ነገር፣ ቢጫው ገላጣ፣ አረንጓዴው ለመሮጥ የሚያስቸግር ጥቅጥቅ ያለ ቦታ፣ ነጩ ደግሞ የሚያስሮጥ ደን ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ የአንዱን ካርታ አንድ ጥግ፣ አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ አነብ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ግራ ዓይኔን ሸፍኜ ሳይ ቡናማው መስመር አረንጓዴው ውስጥ ጠፋብኝ። ልቤ ደነገጠ። ነጠላዬን ለብሼ በዝናብ ወደ ቲቢ ክፍሉ ሄድኩ። ሲስተር መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ አንድ በአንድ መረመረችኝ፤ ዓይኔ ደህና ነበር። ቤቴ ጉም ስለነበረና መብራት ስለጠፋ ነው መስመሩ የጠፋው። አልተቆጣችኝም። «ነገም ከጠረጠርሽ ነገም ነይ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነው የማየው። ቀለም ከተምታታባችሁ ግን ልክ እንደ እኔ በዚያው ቀን ሂዱ፤ የብርሃን ነው ብላችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ።

የዓይን ነጭ ቢጫ ሲሆን፣ ማቅለሽለሹ ምግብ ሲከለክል፣ እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲቆጠቁጥም እንዲሁ ነው። የእግር መደንዘዝ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ በሆነው በአይሶናያዚድ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህ የሚሰጥ ቫይታሚን ቢ 6 አለ። ድንጋይ ላይ ለሚሮጥ ሰው የማይሰማ እግር አደገኛ ነው። የሽንት ብርቱካናማ መሆን ግን የሌላው መድኃኒት፣ የሪፋምፒሲን፣ ቀለም ነው፤ አያስደንግጣችሁ።

ራሳችሁ መሮጥ ባትችሉም ለሌላ ሰው መንገድ አዘጋጁ። በየሳምንቱ ዓርብ 1፡10,000 በሆነው ካርታችን ላይ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር በሆነበት፣ ለልጆቹ ስድስት ነጥብ እመርጥ ነበር። ቅዳሜ ምልክቶቹን ሰቅለው ሮጠው፣ ጭቃቸውን እንደያዙ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው የት እንደተሳሳቱ ይነግሩኛል። የት እንደሚሳሳቱ አስቀድሜ በወረቀት ጽፌ አጥፌ አስቀምጥ ነበር። ከስድስቱ አራቱን በትክክል የገመትኩበት ቅዳሜ፣ በጤናዬ ዘመን ካሸነፍኩበት ቀን በላይ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ወር ሲያልቅ የአክታ ምርመራው ነጻ ሆነ፣ ክብደቴ 51 ገባ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከጠፋ ሰንብቷል። ሐኪሙ በእግር መሄድ ፈቀደልኝ። ያለ ፈቃድ አትጀምሩ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባ፤ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ምግቤን አላቋረጥኩም። ጿሚ የሆናችሁ ሁሉ፣ የየሃይማኖታችሁን አባት ጠይቁ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ወይ ዳገት ይወጣል ወይ ቁልቁለት ወርዶ መልሶ ይወጣል። ለተጎዳ ሳንባ ይህ አይመችም። እኔ በሳምንት አንድ ቀን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ ሄጄ ከሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እሄድ ነበር፤ በሌሎቹ ቀናት ሠፈሬ ውስጥ ሜዳ የሆነውን መንገድ ብቻ እመላለሳለሁ። መለኪያዬ ወሬ ነው። እየሄድኩ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልተነፍስ መጨረስ ካልቻልኩ እቀንሳለሁ።

እርምጃችሁን እንደ አዲስ ቁጠሩ። በኦሪየንቲሪንግ ርቀት የሚለካው ግራ እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ እያሉ በመቁጠር ነው። በጤናዬ ጊዜ 100 ሜትር 64 ነበር። ሐይቅ ዳር 20 ሜትር ገመድ አምስት ጊዜ ዘርግቼ ስለካው 78 ሆነ። የድሮውን ቁጥር ይዤ ብወጣ በየ100 ሜትሩ 18 ሜትር ሲቀረኝ ደረስኩ እል ነበር፤ በ300 ሜትር ከ50 ሜትር በላይ አጥሬ ቁጥቋጦ ሥር ነጥብ ስፈልግ እውል ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ለኩ።

የመንገድ ምርጫም ይለወጣል። ሯጮች አንድ ሜትር ሽቅብ መውጣትን እንደ አሥር ሜትር ሜዳ ይቆጥሩታል። ኮረብታ በፊታችሁ አለ እንበል፦ ቀጥታ 400 ሜትር ሆኖ 40 ሜትር ያስወጣል፣ በዙሪያው 900 ሜትር ሜዳ ነው። ለጤነኛ ቀጥታው 400 ሲደመር 400፣ ማለትም 800 ስለሆነ ያዋጣል። እኔ በሕመሙ ጊዜ አንዱን ሜትር ሽቅብ እንደ ሃያ ቆጠርኩት፤ ቀጥታው 1,200 ሆነ፣ ዙሪያው አሸነፈ። ሃያው የራሴ ግምት ነው፤ እናንተ በትንፋሻችሁ የራሳችሁን አግኙ። ዙሪያ ስትሄዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሐዲድ» ስለምታገኙ አትጠፉም።

አሁን ስህተቴን ልናገር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ሳል የለ፣ ላብ የለ፣ የዳንኩ መሰለኝ። አንድ የነሐሴ ጠዋት ከልጆቹ ጋር በጦሳ ግርጌ ወጣሁና «እስከ ሁለተኛው ነጥብ ብቻ» ብዬ ሮጥኩ። ሦስተኛው ነጥብ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። ልብሴ እስኪደርቅ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ቆየ፤ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ወደቅሁ፣ መልሼ ካገኘሁት ክብደትም አንድ ኪሎ አጣሁ። መዳን በሚመስልበት በዚህ ሰዓት ነው ብዙ ሰው መድኃኒቱንም የሚያቆመው። አታቁሙ፤ ተርፎ የሚቀረው ተሕዋስ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። ስትወጡም ፊሽካ፣ ደረቅ ሹራብና ስልክ ያዙ፤ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ተናገሩ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ውጋት ወይም ትኩሳት ከመጣ የቀረውን ነጥብ ሁሉ ትታችሁ ተመለሱ።

ከመስከረም ጀምሮ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ እያልኩ ከሐኪሙ ጋር እየተመካከርኩ ጨመርኩ። ኅዳር ላይ የመጨረሻውን ኪኒን ስውጥ 55 ኪሎ ነበርኩ፣ 100 ሜትሩም 67 ሆኖ ነበር። ለታኅሣሥ ከልጆቹ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወርደን የጎፍ ደን ውስጥ ለመለማመድ ቀጠሮ ይዘናል። ዘጠኝ ነጥብ መርጫለሁ፤ ሦስቱን እየሮጥኩ፣ ስድስቱን በእርምጃ እሄዳለሁ።