ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ፦ አስፋልትና አቋራጭ የሚያፈራርቅ ረጅም ሩጫ

ይህ መንገድ የሚሮጠው ሽቅብ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደንገጎ ወደ ሐረር ሲሄዱ ያለው የሐረማያ ሜዳ 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ሯጩ ወደ ብርዱ ይሸሻል። ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርድ ግን ቁልቁለቱ ጭኑን ከጨረሰበት በኋላ ረፋድ ላይ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ቁልቁለት ቀላል ይመስላል እንጂ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስጠላው እሱ ነው።

ሙሉው መንገድ እስከ ሐረር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ የማያውቅ አይሞክረው። ዳገቱ አናት ላይ እስካለው መገንጠያ እስከ ደንገጎ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ግድም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። መመለሻው ሚኒባስ ነው፤ ስልክና ብር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በከተማው ከዚራ ሰፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ሶምሶማ ይበሉ፤ ከከተማው መውጣት ግን ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። በጨለማ ሹፌር አያያችሁም፣ ጅቡም ገና ጎሬው አልገባም። ከተማውን የሚያቋርጠውን የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለማሟሟቂያ የሚወዱ አሉ። ተረከዝ ስለሚሰምጥ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይጎትታል፣ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። በበልግና በክረምት ደግሞ የድሬ ሰማይ ጠርቶ ቢታይም አይገባበትም፤ ጎርፉ የሚመጣው ላይ ተራራው ላይ ከዘነበው ነው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከተማዋን የመታው ሰው በተኛበት ሌሊት ነበር።

ዳገቱ ላይ ሰዓት ማየት ይቅር። ሜዳ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ተኩል የሚሮጥ ሰው እዚህ 7 ወይም 8 ደቂቃ ቢፈጅበት ደህና ነው። መለኪያው ወሬ ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። እርምጃ ይጠር፣ ተረከዝ መሬት ይንካ፤ በጣት ብቻ የሚወጣ ሰው ባቱ ቶሎ ይቆላለፋል። ቀጥ ያለው ዳገት ላይ በእግር መሄድ ነውር የለውም፣ ብዙ ጊዜ ከሩጫው እኩል ያስኬዳል።

አቋራጮቹ አስፋልቱ በሚጠማዘዝበት ሁሉ አሉ፤ ሁሉም ግን መንገድ አይደሉም። የአህያ ኮቴ ያለበትን ያዙ። ጭነት የያዘ እንስሳ የሚሄድበት መልሶ አስፋልት ላይ ያወጣል፤ የፍየሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል (ፍየል የት ልድረስ ብላ አትሄድም)። ጥርጣሬ ካለ ገበሬውን በኦሮምኛ «ከራ ደንገጎ?» ማለት ይበቃል። ጫማው ጥርሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የሚረዝም አስፋልቱ ላይ ያነቅፋል፣ የለሰለሰ ደግሞ ኮሮኮንቹ ላይ ያንሸራትታል። የግራር እሾህ ሶል ስለሚበሳ ወረንጦ ይያዝ። ክሩን ሽቅብ ሲሄዱ ላላ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ጠበቅ ማድረግ ነው፤ ላልቶ የወረደ የአውራ ጣት ጥፍሩ ይጠቁራል።

አስፋልት ላይ በግራ በኩል፣ መኪናን ፊት ለፊት እያዩ ይሮጣል። ወደ ግራ የሚታጠፍና ከፊቱ የማይታይ ኩርባ ሲመጣ ግን አስቀድሞ ወደ ውጪው ጠርዝ መሻገር ያስፈልጋል፤ ውስጡን ይዞ የሚመጣ ሹፌር ሊያያችሁ አይችልም። ከሁሉም የጫት መኪና ይፈራል፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ዋጋው ስለሚወድቅ ሹፌሩ አይታገሥም።

ውኃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 700 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ መነሳት ይበቃል፣ መንገድ ዳር ባሉት ሱቆች ይሞላል። የፋርማሲ ለምለም የሚጠቀም ሰው አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ይበጥብጥ። በግማሽ ሊትር የበጠበጡት ጨው በዝቶበት ጥማቱን ያባብሳል፣ ሆድም ያበላሻል። ከ45ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሙዝ ወይም አራት ተምር መብላት ነው፤ እስኪርብ የጠበቀ ዘግይቷል።

ደንገጎ ላይ ነፋሱ ላብ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ደረቅ ካናቴራ ይቀየር። ቀኙ ወደ ቁልቢ፣ ግራው ወደ ሐረር ነው። ታኅሣሥ 19 እና በዋዜማው ቀናት የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መንገዱን ስለሚሞላው ሩጫው ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ። ወደ ሐረር የምትቀጥሉ፣ ከዳገቱ በኋላ እግር ቀለል ስለሚለው የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ሆን ብላችሁ ያዝ አድርጉ። ከሐረር በፊት ባለችው የጫት ገበያ ከተማ አወዳይ ላይ ገበያውና ባጃጁ አስፋልቱን ስለሚይዙት በእግር ይታለፋል።