ትንሽ ውሻችሁን ሲያሳክከው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሻዬ ቡቺ ማልቲዝ የሚባል ትንሽ ዝርያ ነው፤ ነጭ ነው፣ 4 ኪሎ ይመዝናል። ባለፈው ዓመት የፊት እግሮቹ ጫፍ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቡናማ ሆነ። ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት፤ አልለቀቀም። ለካ አሳክኮት ቀን ከሌት ሲልሰው ፀጉሩን ያቀለመው የራሱ ምራቅ ነው። መዳፉን ገለጥ ሳደርገው በጣቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ቀልቷል። አንጀቴን በላው። ያኔ ቸኩዬ ያደረግኳቸውን ነገሮች እናንተም እንዳትደግሟቸው ነው ይህን የምጽፈው።

ቁንጫን ሳያጣሩ ምግቡን መጠርጠር

ውሻ ማከክ ሲጀምር ቶሎ የሚታማው ምግቡ ነው። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ግን ቁንጫ ነው። የቁንጫ ምራቅ የማይስማማውን ውሻ ጥቂት ንክሻ ለቀናት ሲያሳክከው ይሰነብታል። «ቁንጫ አላየሁበትም» ማለት የለበትም ማለት አይደለም። ነጭ ሶፍት አርጥባችሁ አንጥፉ። ከጅራቱ በላይ ያለውን ፀጉር በቅማል ማበጠሪያ አበጥሩና የወጣውን ሶፍቱ ላይ አራግፉት። ጥቁር ብናኝ ወድቆ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም የውሻችሁ ደም ነው።

መድኃኒቱ በክብደት ነው የሚሰጠው። የትልቅ ውሻ መድኃኒት ለሁለት ከፍሎ መስጠት፣ ወይም ለከብት መዥገር የሚረጨውን በግምት በጥብጦ ማፍሰስ 4 ኪሎ ለማይሞላ ውሻ ሞት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ሌላ ውሻ ካለም አብሮ ይታከም፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ መድኃኒት። አንዳንድ የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

ሌላው የሚረሳው እከክ ነው። የጆሮው ጫፍና ክርኑ ተልጦ ከሆነ፣ ከቤቱ ሰውም የሚያሳክከው ካለ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ይህ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው።

ቤት ያለውን ሁሉ መቀባት

የሰው ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ቅባት፣ ይባስ ብሎም የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ዘይቱን እባካችሁ ተዉት። ውሻ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል፤ ዘይቱ መርዝ ነው። የሰው ሳሙናም የውሻን ቆዳ ያደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ የባሰ ያሳክካል። ሐኪም የሚያዘው የውሻ ሻምፑ አለ፤ እሱንም አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ያህል ሳይቆይ አትለቅልቁት። ቶሎ ከታጠበ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ለራሳችን የገዛነውን የቆዳ ክሬም መቀባትም ያው ነው፤ ውሻው ልሶ ይውጠዋል። የሰው ሕመም ማስታገሻ የሆነው አይቡፕሮፌንማ በፍጹም፤ የትንሽ ውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ቆዳው ወይም ጆሮው መሽተት ከጀመረ በላዩ ላይ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ተጨምሯል ማለት ነው። እሱ ሳይታከም ምግብ ብትቀይሩ ለውጥ አታዩም።

ከረጢት መቀያየር

እኔ ዶሮን ጠርጥሬ ሦስት ዓይነት ምግብ ገዝቻለሁ። አንዱ ከረጢት ላይ በትልቁ «በግ» ተብሎ ተጽፏል። ጀርባውን ሳነበው የዶሮ ስብ አለበት። «ይሄን እኮ ሁሌም ይበላዋል» የሚለው ክርክርም አያዋጣም። አለርጂ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ሲበላ በኖረው ነገር ነው። በውሾች ላይ ተደጋግመው የሚገኙት የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። የደም ምርመራ ላሠራ ለምትሉ፣ ለምግብ አለርጂ ውጤቱ አያስተማምንም። እርግጡን የሚነግራችሁ የምግብ ሙከራ ብቻ ነው።

ሙከራውን በጉርሻ ማፍረስ

ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀው አንድ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ እንዲሁም እንደ ድንች ያለ አንድ ማባያ ይመረጣል። ከእነዚህ ሌላ ምንም የለም፣ ለ8 ሳምንት። ከሁዳዴ በአንድ ቀን ይበልጣል ብላችሁ ያዙት። ለቡቺ ሐኪሙ የመረጠለት አጥንት የሌለው ዓሣና ድንች ነበር፣ ተቀቅሎ፣ ያለ ጨው። ፍየል አስቤ ነበር፤ ከበሬ ጋር ቅርብ ዘመድ ስለሆነ ተውነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን በሙከራ ጊዜም ሆነ በሌላ ጊዜ አይሰጥም፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። እንጀራ በወጥ ለውሻ የማይሆነው ለዚህ ነው። ቡችላ ከሆነ ደግሞ የቤት ምግብ ለአጥንቱ ስለማይበቃ ሐኪም ሌላ ያዝለታል።

በአምስተኛው ሳምንት ቡቺ መላሱን አቁሞ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ እንደገና ጀመረ። እኔ ሥራ ስውል አብራው የምትውለው እናቴ ናት።

«እማዬ፣ የሰጠሽው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም!» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ያው ጥብስ ስበላ ጣቴን ነው የላሰው። እንዲያ ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት ብዬ ልከልክለው ልጄ?»

አልተቆጣኋትም። ስለምትወደው ነው። ግን ቆጠራውን እንደ አዲስ ጀመርን። ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለልጆችም፣ ለሠራተኛም፣ ለዘበኛም ከመጀመሪያው ቀን አስረዱ። የዓሣውን ፍርፋሪ በትንሽ ሳህን ለብቻ አስቀምጡላቸው፤ መስጠት ያማራቸው ከዚያ ይስጡ። የሚታኘክ የቁንጫ ወይም የትል ክኒን ሥጋ ሥጋ የሚል ከሆነም ሐኪሙ በሌላ ይቀይርላችሁ።

ሲሻለው እዚያው ማቆም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ይገባኛል፣ ውሻው ተኝቶ ሲያድር ማን እንደገና ማሳመም ይፈልጋል? ነገር ግን የተሻለው በምግቡ ይሁን ወይም ቁንጫው ስለጠፋ የሚታወቀው የድሮው ምግብ ሲመለስ ነው። አንድ በአንድ ይመለስ፣ ለእያንዳንዱ እስከ ሁለት ሳምንት። ማከክ ሲጀምር ወዲያው ይቁም።

ለቡቺ መጀመሪያ ዶሮ ሰጠነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቶ ምንም አልሆነም። ዓመቱን ሙሉ ዶሮን ያለ ጥፋቱ ከልክለነው ነበር። የበሬ ሥጋ በሰጠነው በሦስተኛው ቀን ግን መዳፉ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አሁን ጥብስ በሚቀርብበት ሰዓት ቡቺ በረንዳ ላይ ነው። በሩን የምትዘጋው ራሷ እማዬ ናት።